ኢርቪንግ ላንግሙየር

ኢርቪንግ ላንግሙየር (ጥር 24 ቀን 1873 ዓ.ም. – ነሐሴ 10 ቀን 1949 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዩዌሪ 31 ቀን 1881 – ኦገስት 16 ቀን 1957) አሜሪካዊ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪ ነበር። ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት ወሰን ላይ የሚሆነውን የሚያጠናውን የሳይንስ ዘርፍ፣ ማለትም የገጽ ኬሚስትሪን፣ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሲሆን በዚሁ ዘርፍ ባደረጋቸው ግኝቶች እ.ኤ.አ. በ1932 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በጋዝ የተሞላውን የኤሌክትሪክ አምፖል የፈለሰፈ፣ በኤሌክትሪክ ለተሞላ ጋዝ ፕላዝማ የሚለውን ስም ያወጣም እሱ ነው።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ፍሬ ያፈራው ሐሳብ በአጭሩ ሊነገር የሚችል ነው። የአንድ ነገር ገጽ ውሃ መቀበሉን ወይም መግፋቱን፣ ቀለምና ሙጫ መያዙን ወይም መልቀቁን የሚወስነው በአብዛኛው ከላይ ያለው የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ብቻ ነው። ዛሬ ፕላስቲክን ለማጣበቅ፣ ለመቀባትና በላዩ ላይ ለማተም የሚደረገው የገጽ ለውጥ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ላንግሙየር በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተወለደ። ከአራት ወንዶች ልጆች ሦስተኛው ነበር። አባቱ ቻርለስ ላንግሙየር በመድን ሥራ የተሰማራ ሰው ሲሆን ልጆቹ የሚያዩትን ነገር በጥንቃቄ እንዲያስተውሉና በጽሑፍ እንዲመዘግቡ ያበረታታ ነበር። ኢርቪንግ እስከ 11 ዓመቱ ድረስ ዓይኑ ደካማ መሆኑ አልታወቀም ነበር። መነጽር ካደረገ በኋላ ግን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው የቅጠልና የድንጋይ ዝርዝር ስለታየው ተፈጥሮን የመመልከት ፍቅሩ በእጅጉ ጨመረ።

በአባቱ ሥራ ምክንያት ቤተሰቡ ለሦስት ዓመታት ያህል በፓሪስ ኖረ። ታላቅ ወንድሙ አርተር የኬሚስትሪ ባለሙያ ስለነበር ታናሹን ወደዚህ ትምህርት የሳበው እሱ ነው። ኢርቪንግ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በፊላደልፊያና በብሩክሊን ተምሮ በ1903 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ምህንድስና ተመረቀ።

ከዚያም ወደ ጀርመን ሄዶ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በታዋቂው ኬሚስት በዋልተር ኔርንስት ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1906 የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘው ጋዞች በጋለ የፕላቲነም ሽቦ አጠገብ ምን እንደሚሆኑ ባጠናበት ሥራ ነበር። የጋለ ሽቦና በዙሪያው ያለው ጋዝ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አልተለየውም። ወደ አገሩ ሲመለስ በኒው ጀርዚ፣ ሆቦከን በሚገኘው የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኬሚስትሪ አስተማረ። ሆኖም የማስተማሩ ሥራ ለምርምር ጊዜ የሚተርፍ አልነበረም።

የአምፖሉ ጥያቄ

በ1909 የበጋ ወራት ላንግሙየር በኒው ዮርክ ግዛት፣ በስከኔክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ለአጭር ጊዜ ሊሠራ ሄደ። እዚያው ቀርቶ እስከ 1950 ድረስ ሠራ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዊሊስ ዊትኒ ለአዲሱ ተመራማሪ የታዘዘ ሥራ ከመስጠት ይልቅ ደስ ያለውን ጥያቄ እንዲመርጥ ፈቀደለት።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ አምፖሎች ክር ከተንግስተን ይሠራ ጀምሮ ነበር። ክሩ የሚበራው አየሩ በተጠባለት መስታወት ውስጥ ነው። ችግሩ ግን አምፖሉ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ መስታወቱ ከውስጥ ይጠቁርና ብርሃኑ ይደክም ነበር። ባለሙያዎች ጥፋቱ በውስጡ የቀረው ጥቂት አየር ነው ብለው ስላሰቡ አየሩን ይበልጥ አሟጦ ለማውጣት ይደክሙ ነበር።

ላንግሙየር የተለየ መንገድ ያዘ። ጥፋተኛ የተባለውን ጋዝ ከማውጣት ይልቅ ልዩ ልዩ ጋዞችን አንድ በአንድ ሆን ብሎ ወደ አምፖሉ እያስገባ እያንዳንዱ የሚያደርገውን መዘገበ። በዚህም መስታወቱ የሚጠቁረው ክሩ ራሱ በሙቀት ብዛት ስለሚተን መሆኑን አረጋገጠ። ከክሩ የሚነሡት የተንግስተን አቶሞች በባዶው ቦታ ውስጥ ያለ እንቅፋት ተጉዘው በመስታወቱ ላይ ያርፋሉ። አምፖሉ እንደ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ባለ ከተንግስተን ጋር በማይዋሃድ ጋዝ ከተሞላ ግን አቶሞቹ ከጋዙ ጋር እየተጋጩ ብዙዎቹ ወደ ክሩ ይመለሳሉ።

ጋዙ ግን ሙቀትንም ከክሩ ይወስዳል። ላንግሙየር ይህን ሲያጠና በጋለ ሽቦ ዙሪያ የማይንቀሳቀስ የጋዝ ሽፋን እንዳለና ወፍራም ሽቦ ከቀጭኑ ይልቅ ከስፋቱ አንጻር ጥቂት ሙቀት እንደሚያጣ አወቀ። ስለዚህ ቀጭኑን ክር እንደ ስፕሪንግ ጠቅልሎ እንደ ወፍራም ሽቦ እንዲሆን አደረገው። በ1913 የተሠራው ይህ በጋዝ የተሞላ ባለ ጥቅል ክር አምፖል ከቀደሙት ይበልጥ ደማቅና ቆጣቢ ስለነበር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ።

አንድ ንብርብር

ለሳይንስ ግን ከአምፖሉ ይልቅ ጠቃሚ የሆነው በመንገዱ ላይ የተገኘው ነገር ነበር። ላንግሙየር ወደ አምፖሉ ጥቂት ሃይድሮጅን ባስገባ ጊዜ ጋዙ ቀስ በቀስ ጠፋ። ምክንያቱን ሲፈልግ የጋለው ተንግስተን የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ወደ ሁለት አቶሞች እንደሚሰነጥቀው፣ አቶሞቹም በቀዝቃዛው መስታወት ላይ እንደሚጣበቁ ተረዳ። መስታወቱ የሚይዘው የሃይድሮጅን መጠን ወሰን ነበረው። ይህም ወሰን ገጹን በአንድ አቶም ውፍረት ለመሸፈን ከሚያስፈልገው መጠን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በፊት ብዙ ሊቃውንት አንድ ጠጣር ነገር ጋዝን ሲይዝ በዙሪያው እንደ ከባቢ አየር ያለ ወፍራም ሽፋን እንደሚፈጠር፣ ይህም ከገጹ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ እንደሚሄድ ያምኑ ነበር። ላንግሙየር ከ1916 እስከ 1918 ባሳተማቸው ጽሑፎች ሌላ ሥዕል አቀረበ። በእሱ አስተያየት ገጹ ላይ ያሉት አቶሞች ከላይ በኩል ጎረቤት ስለሌላቸው የመያዝ ኃይላቸው አልተጠቀሙበትም። የሚያርፍባቸውን ሞለኪውል የሚይዙትም ተራ ኬሚካዊ ትስስርን በፈጠረው በዚያው ዓይነት ኃይል ነው። ይህ ኃይል የሚደርሰው እጅግ አጭር ርቀት ብቻ ስለሆነ አንድ ንብርብር ሲሞላ ገጹ ይጠግባል።

ከዚህ ሐሳብ ዛሬ በእሱ ስም የሚጠራውን ቀመር አወጣ። ቀመሩ እንደሚከተለው ሊብራራ ይችላል። ገጹን ውሱን ብዛት ያላቸው መቀመጫዎች እንዳሉት አዳራሽ እናስበው። የጋዙ ግፊት በጨመረ ቁጥር ብዙ ሞለኪውሎች መጥተው ያርፋሉ፤ ነገር ግን የሚቀመጡት ባዶ መቀመጫ ካገኙ ብቻ ነው። ከተቀመጡትም መካከል የተወሰኑት ዘወትር እየተነሡ ይሄዳሉ። የሚመጡትና የሚሄዱት እኩል ሲሆኑ የገጹ ምን ያህል ክፍል እንደተሸፈነ ማስላት ይቻላል። የላንግሙየር ቀመር እስከ ዛሬ በማጣሪያዎች፣ በኬሚካዊ አፋጣኞችና በጋዝ ማከማቻዎች ጥናት ውስጥ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

አንድ ንብርብር የሚያደርገውን ለውጥ በሌላም ምሳሌ አሳይቷል። በተንግስተን ሽቦ ላይ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የቶሪየም ንብርብር ሲፈጠር ሽቦው ሲግል የሚለቃቸው ኤሌክትሮኖች በብዙ ሺህ እጥፍ ይጨምራሉ። የሽቦው አካል ያው ተንግስተን ነው፤ የተለወጠው ቆዳው ብቻ ነው። ይህ ግኝት ለሬዲዮ ቱቦዎች ሥራ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ዘይት በውሃ ላይ

በ1917 ላንግሙየር በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ዘይት ያደረገውን ጥናት አሳተመ። ጥያቄው ከእሱ በፊት የተጀመረ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊን በለንደን አቅራቢያ በሚገኝ ኩሬ ላይ ጥቂት ዘይት አፍስሶ በሰፊው ሲዘረጋ ተመልክቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ጀርመናዊቷ አግነስ ፖክልስ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሳታገኝ፣ በቤቷ ውስጥ ባበጀችው ቀላል መሣሪያ የቆሸሸ ውሃን ገጽ ለካች። ውጤቷን ለእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ለሎርድ ሬይሊ ጽፋ በእሱ እርዳታ በ1891 ታተመላት።

ላንግሙየር መሣሪያውን አሻሽሎ ዘይቱ በውሃው ላይ የሚይዘውን ስፋትና የሚገፋበትን ኃይል በአንድነት የሚለካ ሚዛን ሠራ። በንጹሕ ውሃ ላይ መጠኑ የታወቀ የስብ አሲድ እያፈሰሰ፣ አንድ ሞለኪውል ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አሰላ። ያገኘው ውጤት አስገራሚ ነበር። የካርቦን ሰንሰለታቸው ረጅም የሆኑትም አጭር የሆኑትም አሲዶች በውሃው ላይ የሚይዙት ቦታ በአንድ ሞለኪውል ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ሊሆን የሚችለው ሞለኪውሎቹ ተጋድመው ሳይሆን ቆመው ከተደረደሩ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ኦክሲጅን ያለበትን ውሃ ወዳድ ራሱን ወደ ውሃው፣ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠራውን ውሃ ጠል ጭራውን ደግሞ ወደ አየሩ አድርጎ ይቆማል። ጭራው ቢረዝም ንብርብሩ ይወፍራል እንጂ አይሰፋም። በዚህ መንገድ ላንግሙየር የሞለኪውልን ስፋትና ርዝመት በውሃ ትሪና በሚዛን ለመለካት ቻለ።

ከዚህም ጠቅላላ ሕግ አወጣ። አንድ ሞለኪውል በገጽ ላይ ሲሆን እንደ አንድ ወጥ ነገር አይሠራም፤ ወደ ውጭ የዞረው ክፍል የራሱን ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ የገጹን ባሕርይ ለማወቅ ነገሩ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የትኛው ክፍል ወደ ላይ እንደዞረ መጠየቅም ያስፈልጋል። በ1920 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ከውሃ ላይ ወደ መስታወት የተላለፈ የአንድ ሞለኪውል ውፍረት ያለው የስብ አሲድ ንብርብር መስታወቱን ውሃ የማይቀበል እንደሚያደርገው አሳየ።

ከካተሪን ብሎጄት ጋር

በዚህ ሥራ የላንግሙየር ዋና ረዳትና ባልደረባ ካተሪን ብሎጄት ነበረች። በ1918 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ስትቀጠር በዚያ የመጀመሪያዋ ሴት ሳይንቲስት ነበረች። በላንግሙየር ማበረታታት ወደ እንግሊዝ ሄዳ በ1926 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ብሎጄት ከተመለሰች በኋላ በ1930ዎቹ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ የመደረብ ዘዴ አገኘች። የመስታወት ሳህን በስብ አሲድ በተሸፈነ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅና ሲወጣ በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ንብርብር ይዞ ይወጣል። በዚህ መንገድ የሽፋኑን ውፍረት በሞለኪውል ቆጥሮ መሥራት ተቻለ። በ1938 የባሪየም ስቴሬት 44 ንብርብሮችን በመደረብ ብርሃን የማያንጸባርቅ መስታወት ሠራች። የሽፋኑ ውፍረት ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ሩብ ጋር ስለሚቀራረብ ከላይና ከታች የሚንጸባረቁት ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ሽፋኑ ለስላሳ ስለነበር በቀላሉ ይፋቅ ነበር፤ ለካሜራና ለመነጽር የሚበቁ ጠንካራ ሽፋኖች የተገኙት በሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ዘዴው ግን የላንግሙየርና የብሎጄት ስም ተሰጥቶት እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል።

በዚያው በ1938 ላንግሙየር በገጽ ላይ ያሉ ሞለኪውሎች ሊገለበጡ እንደሚችሉ የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። አንድ ንብርብር በአየር ውስጥ ጭራውን ወደ ውጭ አድርጎ የቆመ ቢሆንም ውሃ ሲነካው ራሱን ወደ ውሃው ሊያዞር ይችላል። በዚህም ምክንያት አንድ ገጽ ዛሬ ያለው ጠባይ ነገም ይኖረዋል ማለት አይቻልም።

ፕላዝማ

ላንግሙየር በ1920ዎቹ በጋዝ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰትን አጠና። ጋዙ በበቂ ኃይል ሲነካ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ይላቀቁና ጋዙ ነጻ ኤሌክትሮኖችንና ኃይል የተሞሉ አዮኖችን በተመጣጠነ መጠን የያዘ ድብልቅ ይሆናል። በ1928 ለዚህ ሁኔታ ፕላዝማ የሚል ስም ሰጠው። ቃሉ በሕክምና ውስጥ የደም ሕዋሳትን ተሸክሞ ለሚዞረው ፈሳሽ ሲያገለግል የቆየ ነው። ከባልደረባው ከሃሮልድ ሞት-ስሚዝ ጋር በመሆንም የፕላዝማን ሙቀትና ብዛት ለመለካት የሚያገለግል መመርመሪያ ሽቦ ሠራ። መሣሪያው ዛሬም የላንግሙየር መመርመሪያ ተብሎ ይጠራል።

ከሃይድሮጅን አቶሞች ጋር ካደረገው ሥራም አንድ የብየዳ መሣሪያ ተገኝቷል። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተሰነጠቁ የሃይድሮጅን አቶሞች በብረቱ ገጽ ላይ እንደገና ሲጣመሩ ከፍተኛ ሙቀት ይለቃሉ።

ለፖሊመር ገጾች ያለው ትርጉም

የላንግሙየር ዋና ዋና ጥናቶች የተደረጉት በብረት፣ በመስታወትና በውሃ ላይ ነው። ሆኖም የፖሊመር ፕላስቲኮች በብዛት መመረት ከጀመሩ በኋላ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ መጣ፤ መልሱም የተገኘው በእሱ ሐሳቦች መንገድ ነበር። ለፌስታልና ለጠርሙስ የሚያገለግሉት ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ፣ ቀላልና በኬሚካል የማይጠቁ ናቸው፤ ነገር ግን ቀለም፣ ሙጫም ሆነ ማተሚያ አይዛቸውም።

ምክንያቱ የላንግሙየር የስብ አሲድ ጭራ ነው። የፖሊኤትሊን ሰንሰለት ልክ እንደዚያ ጭራ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ስለሆነ ገጹ በሙሉ ውሃ ጠል ነው። ሙጫ ወይም ቀለም ለመያዝ አስቀድሞ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ማርጠብ አለበት። በፖሊኤትሊን ላይ ግን ውሃ ያለበት ቀለም እንደ ጠብታ ይሰበሰባል። ይህም በገጹ ጉልበት ይለካል፤ የፖሊኤትሊን ገጽ በአንድ ሜትር 31 ሚሊኒውተን ያህል ሲሆን የውሃ የገጽ ውጥረት ደግሞ 72 ያህል ነው። ለማተም ብዙውን ጊዜ የፕላስቲኩን ወደ 38 ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለዚህ መፍትሔው ፕላስቲኩን በሙሉ መለወጥ አይደለም፤ ቆዳውን መለወጥ ይበቃል። በፋብሪካዎች ውስጥ ፊልሙ በከፍተኛ ቮልት በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሥር ያልፋል፤ ወይም በዝቅተኛ ግፊት ባለ ክፍል ውስጥ በፕላዝማ ይመታል፤ ወይም በነበልባል ላይ በፍጥነት ያልፋል። በሦስቱም መንገድ የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ከገጹ ላይ አንዳንድ የሃይድሮጅን አቶሞች ይነቀላሉ፣ በቦታቸውም ከአየሩ የመጣ ኦክሲጅን ይገባል። ለውጡ የሚደርሰው ጥቂት ናኖሜትር ጥልቀት ድረስ ብቻ ነው። የፕላስቲኩ ጥንካሬ፣ ክብደትና መልክ አይለወጥም፤ ሙጫው ግን ይይዛል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው መሣሪያ ላንግሙየር ስም ያወጣለት ፕላዝማ መሆኑ ሁለቱን የምርምር መስመሮቹን በአንድ ቦታ ያገናኛል።

የ1938ቱ ጥናትም በዚህ ሥራ ላይ ሌላ ትርጉም አለው። የታከመ ፕላስቲክ በመጋዘን ሲቆይ ሙጫ የመያዝ ችሎታው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከምክንያቶቹ አንዱ በገጹ ላይ ያሉት ኦክሲጅን ያለባቸው ክፍሎች በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ መዞራቸው ነው። ስለዚህ አምራቾች ፊልሙን ካከሙት በኋላ ሳይዘገዩ ያትሙበታል፣ ወይም ከማተማቸው በፊት እንደገና ያክሙታል።

ሌሎች ሥራዎችና ጦርነት

ከ1919 ጀምሮ ላንግሙየር ስለ አቶም አሠራር ጽፏል። ጊልበርት ሉዊስ በ1916 ያቀረበውን ሐሳብ በማስፋፋት፣ አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በመጋራት እንዴት እንደሚተሳሰሩ በንግግሮቹ አስታወቀ። ለዚህ ዓይነቱ ትስስር ዛሬ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ኮቫለንት የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ነው። የላንግሙየር ንግግሮች እጅግ ተወዳጅ ስለነበሩ ሐሳቡ በእሱ ስም መጠራት ጀመረ፤ ይህም በሁለቱ መካከል የቅሬታ ምንጭ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለማግኘት በተደረገው ጥረት ተሳትፏል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከረዳቱ ከቪንሰንት ሼፈር ጋር ሠራዊትና ከተማን የሚሸሽግ ጭስ የሚያመነጭ መሣሪያ ሠራ። በአውሮፕላን ክንፍ ላይ ስለሚፈጠር በረዶም አጥንቷል።

የዝናብ ክርክር

ከጦርነቱ በኋላ ላንግሙየር ፊቱን ወደ ደመና አዞረ። በ1946 ሼፈር በማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ ባለ ጉም ላይ ደረቅ በረዶ ሲጨምር እጅግ ብዙ የበረዶ ቅንጣቶች እንደሚፈጠሩ አየ። በኅዳር ወር 1946 በአውሮፕላን ሆኖ በምዕራብ ማሳቹሴትስ ደመና ላይ ደረቅ በረዶ በተነ፤ ከደመናውም በረዶ ወረደ። የቤተ ሙከራው ባልደረባ በርናርድ ቮኔጉት ደግሞ የብር አዮዳይድ ጭስ ተመሳሳይ ሥራ እንደሚሠራ አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በሌሎችም የተረጋገጠ ነው። ላንግሙየር ግን ከዚህ አልፎ ሄደ። በጥቅምት 1947 ከሠራዊቱ ጋር በተደረገ ሙከራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በነበረ አውሎ ነፋስ ላይ ደረቅ በረዶ ተበተነ። አውሎ ነፋሱ ከዚያ በኋላ አቅጣጫውን ቀይሮ በጆርጂያ ግዛት፣ በሳቫና ከተማ አካባቢ ጉዳት አደረሰ። ላንግሙየር ለውጡ የሙከራው ውጤት ነው ብሎ አመነ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግን ነፋሱ መዞር የጀመረው ከሙከራው በፊት እንደነበረ ገለጹ። በኒው ሜክሲኮ የተበተነው የብር አዮዳይድ በሩቅ የአሜሪካ ክፍሎች ያለውን ዝናብ በየሳምንቱ እንደሚለዋውጥም ተከራከረ። የአሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮ ሰዎች ይህን አልተቀበሉም፤ እሱም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ሐሳቡን አልለወጠም።

በ1953 ላንግሙየር ሳይንቲስቶች ሳያውቁት ራሳቸውን ስለሚያታልሉበት መንገድ ዝነኛ ንግግር አደረገ። ሊለካ በማይችል ወሰን ላይ ያለ ውጤትን አይተናል ስለሚሉ፣ ተቃውሞ ሲቀርብባቸውም ወዲያው ምክንያት ስለሚፈጥሩ ሰዎች ምሳሌዎችን እየጠቀሰ አስጠነቀቀ። ከምሳሌዎቹ አንዱ በፈረንሳይ ታይቷል ተብሎ ኋላ የሌለ ሆኖ የተገኘው የኤን ጨረር ነበር። ንግግሩ ከሞተ በኋላ ታትሞ በሰፊው ተነበበ። ከዚያ በኋላ የጻፉ አንዳንድ ሰዎች ማስጠንቀቂያው ስለ ዝናብ ለተከራከረው ለእሱ ለራሱም እንደሚሠራ አመልክተዋል። በገጽ ጥናቱ እያንዳንዱን ምክንያት ለይቶ መቆጣጠር ይችል ነበር፤ በሰማይ ላይ ግን ደመናው ባይነካ ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳይ ማነጻጸሪያ አልነበረውም።

የግል ሕይወትና ሞት

ላንግሙየር በ1912 ማሪዮን መርሴሮን አገባ፤ ሁለት ልጆችንም በማደጎ አሳደጉ። ተራራ መውጣት፣ በበረዶ ላይ መንሸራተትና አውሮፕላን ማብረር ይወድ ነበር። በሌክ ጆርጅ ሐይቅ አጠገብ ቤት ነበረው፤ ዕረፍቱንም ከምርምር አይለየውም ነበር። በ1927 አትላንቲክን በመርከብ ሲያቋርጥ የባሕር አረም በነፋሱ አቅጣጫ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ አየ። ነገሩን በሐይቁ ላይ አጥንቶ በ1938 ነፋስ በውሃው ገጽ ሥር ረጃጅም የሚሽከረከሩ ፍሰቶችን እንደሚፈጥር አሳተመ። ይህ በውቅያኖስ ጥናት የላንግሙየር ዑደት ይባላል።

በ1950 ከጄኔራል ኤሌክትሪክ ጡረታ ወጣ፤ በአማካሪነት ግን መሥራቱን አላቋረጠም። ነሐሴ 10 ቀን 1949 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በዉድስ ሆል በልብ ሕመም በድንገት አረፈ። ዕድሜው 76 ዓመት ነበር።

መታሰቢያ

ላንግሙየር የኖቤል ሽልማትን የተቀበለ ሁለተኛው አሜሪካዊ ኬሚስት ሲሆን በኢንዱስትሪ ቤተ ሙከራ እየሠራ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ኬሚስት ነው። በ1929 የአሜሪካ የኬሚስትሪ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ማኅበሩ ከ1985 ጀምሮ የሚያሳትመው የገጽ ሳይንስ መጽሔት ላንግሙየር ይባላል። በአላስካ የሚገኝ ተራራና በኒው ሜክሲኮ የሚገኝ የከባቢ አየር ምርምር ጣቢያም በስሙ ተሰይመዋል። ስለ ፕላስቲክ ማጣበቅ፣ ስለ ሽፋኖችና ስለ ፕላዝማ ሕክምና በየጊዜው ከሚወጡት ጥናቶች ብዙዎቹ የሚታተሙት ስሙን በያዘው በዚሁ መጽሔት ላይ ነው።